ልብ አንጠልጣይ ፊልም ስለ ምን ይወደዳል?

ወደ ሲኒማ ቤት የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚሄድበት ምክንያት አንድ አይደለም። አንዱ ለመሳቅ ይሄዳል፤ ሌላው የፍቅር ታሪክ አይቶ ለማልቀስ፤ ሦስተኛው ደግሞ በእግሩ ሊደርስበት የማይችለውን የሩቅ አገር ከተማና ባሕር ለማየት። ከእነዚህ ሁሉ የተለየ አንድ ዓይነት ተመልካች ግን አለ። ይኸውም ገንዘቡን ከፍሎ፣ ወንበሩን ይዞ፣ መብራቱ ሲጠፋ ለአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ሊጨነቅ ወዶና ፈቅዶ የሚቀመጠው ነው። ይህ ሰው በቤቱ ጭንቀት የጎደለበት እንዳይመስለን። እንዲያውም ብዙውን ጊዜ ቀኑን ሙሉ በሥራው ሲጨነቅ የዋለ ሰው ነው፤ ማታ ደግሞ የሌላውን ሰው ጭንቀት ገዝቶ ያያል። ነገሩን ቆም ብለው ሲያስቡት የሚያስገርም ነው።

በቋንቋችን እንዲህ ያለው ፊልም «ልብ አንጠልጣይ» ይባላል፤ «ልብ ሰቃይ» የሚሉትም አሉ። እንደ እኛ አስተያየት ይህ ስም እንግሊዞች ከሚሉት «ትሪለር» ይልቅ ነገሩን አብልጦ ይገልጸዋል። የእነርሱ ስም የሚናገረው ስለ መንዘፍዘፉ ነው። የእኛው ግን ስለ መቆየቱ ይናገራል፤ የተንጠለጠለ ነገር አልወደቀም፣ ነገር ግን አልተቀመጠምም። «ሰስፔንስ» የሚለው ሌላው ቃላቸውም ከላቲን ተወርሶ የመጣ ሆኖ ትርጉሙ ያው ማንጠልጠል ነው። እንግዲህ የተንጠለጠለው ነገር በደንብ እንዲታይ ከተፈለገ በዙሪያው ብዙ ዕቃ መደርደር አያስፈልግም። ከዚህም የተነሣ ከልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ሁሉ የተመረጡት ብዙዎቹ አጫጭሮች፣ ቅባት የሌላቸው፣ ከተነሡ በኋላ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የማይሉ ሆነው እናገኛቸዋለን።

አንዳንድ የተማሩ ሰዎች ይህን ዓይነቱን ፊልም የጊዜ ማሳለፊያ ነው ብለው ይንቁታል። የሰውን ጠባይ በጥልቀት ለማሳየት ሦስት ሰዓትና ብዙ ንግግር ያስፈልጋል ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ሰውን ማወቅ የሚቻለው ስለ ራሱ ሲናገር በመስማት ብቻ ሳይሆን፣ ጊዜ ባነሰውና መንገድ በጠበበው ሰዓት የሚያደርገውን በማየት ነው። አጭሩ ፊልም ለማብራራት ጊዜ ስለሌለው ሰውዬውን በሥራው ያሳየናል፤ የቀረውን ለእኛ ለተመልካቾቹ ይተውልናል። ይህን ለማስረዳት በተለይ ሁለት ፊልሞችን እናነሣለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ይረዱልን።

በመጀመሪያ ግን እንዲህ ያሉ ፊልሞች ከምን እንደ ተወለዱ መናገር ይገባናል፤ የተወለዱት ከጥበብ ፍልስፍና ሳይሆን ከገንዘብ እጥረት ነውና። በአሜሪካ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ዓመታት ብዙ ሲኒማ ቤቶች በአንድ ቲኬት ሁለት ፊልም ያሳዩ ነበር። ዋናው ፊልም ስመ ጥር ተዋንያን ያሉበትና ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ነው። ሁለተኛው «ቢ» የሚባለው ደግሞ ቦታውን የሚሞላ፣ ርካሽና አጭር ነበር። ሲኒማ ቤቱ ለዋናው ፊልም ከገቢው በመቶ እያሰበ ሲከፍል፣ ለ«ቢ»ው ግን የሚከፍለው የተቆረጠ ዋጋ ነበር። ፊልሙ የቱን ያህል ቢወደድ ለሠራው ኩባንያ የሚጨመርለት ስለሌለ፣ ለዲሬክተሩ የሚሰጠው ትእዛዝ ያጠረና የጠራ ነበር፦ ከ60 እስከ 75 ደቂቃ ባለው ጊዜ የሚያልቅ ይሁን፤ በሁለትና በሦስት ሳምንት ይነሣ፤ ለሌላ ፊልም የተሠራ ቤትና ግቢ ካለ እርሱ ያገልግል። አባቶቻችን «ችግር በቅቤ ያስበላል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። ገንዘብ የሌለው ዲሬክተር አደባባይ ሙሉ ሰው ሊያሰልፍ አይችልም፤ ስለዚህ አንድ ክፍል፣ ሁለት ሰዎችና የሚያስፈራ በር ይዞ ይነሣል። ከዚያም በሩ ዋናው ነገር ይሆናል።

ከእነዚህ መካከል እኛ ከሁሉ አስበልጠን የምናየው «ዘ ናሮው ማርጂን» የተባለውን ነው፤ ትርጉሙ «ጠባቡ ልዩነት» እንደ ማለት ነው። ሪቻርድ ፍላይሸር የተባለው ዲሬክተር ለአር. ኬ. ኦ. ኩባንያ በ1950 በ13 ቀን ውስጥ ያነሣው ሲሆን፣ የኩባንያው ባለቤት ባለጸጋው ሃዋርድ ሂውዝ ለረጅም ጊዜ አስቀምጦት ቆይቶ በ1952 ወጣ። ርዝመቱ 71 ደቂቃ ነው። ታሪኩም ይህ ነው፦ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ መርማሪ የሆነው ዋልተር ብራውን፣ ከባልደረባው ጋር ወደ ሺካጎ ሄዶ የአንድ ሟች ወንበዴ ሚስት ይረከባል። ሴትዮዋ በፍርድ ሸንጎ ፊት ቀርባ ስለ ወንበዴዎቹ ማኅበር ትመሰክራለች ተብሎ ይጠበቃል። ወንበዴዎቹም ይህን ያውቃሉ። ብራውንን በመልኩ ያውቁታል፤ ሴትዮዋን ግን አይተዋት አያውቁም። ከሺካጎ እስከ ሎስ አንጀለስ ያለው ጉዞ በባቡር ነው። ገዳዮቹም ቲኬት ቆርጠው ተሳፍረዋል።

አንባቢያችን ልብ ይበል፤ ይህን ሁሉ ለመናገር ፊልሙ የሚፈጅበት ጊዜ እኛ ለመጻፍ ከፈጀብን እምብዛም አይበልጥም። ሁለቱ መርማሪዎች በታክሲ ሲሄዱ «ሴትዮዋ ምን ዓይነት ትሆን?» ብለው በአምስት ዶላር ይወራረዳሉ። ወዲያው ከቤቷ ሲያወጧት ባልደረባው በደረጃው ላይ በጥይት ይወድቃል፤ ከአንገቷ የተበጠሰው ዶቃ ደረጃውን ለደረጃ እየዘለለ ይወርዳል። ስለ ሟቹ ጀግንነት ንግግር አይደረግም። ብራውን ኀዘኑን የሚቀመጥበት ጊዜ እንኳ የለውም፤ ባቡሩ ይሄዳል። ያችን ሴት ደግሞ ይጠላታል። ምላሷ ስለት ነው፤ ለሞተላትም ሰው ቁብ የላት አትመስልም። እንግዲህ ይህ መርማሪ ወዳጁን ያስገደለችውንና የሚጸየፋትን ሰው በሕይወቱ ተወራርዶ እየጠበቀ ሳለ፣ ከገዳዮቹ ወገን አንዱ መጥቶ ብዙ ገንዘብ ሊሰጠው ይነጋገራል። ከእርሱ የሚፈለገው ጥቂት ነው፤ ሴትዮዋ የት እንዳለች መናገር ብቻ።

የነገሩ ሁሉ እምብርት ይህ ነው። የሚወዱትን ሰው መጠበቅ ማንም ያደርገዋል። የማይወዱትን፣ ያውም ማንም ሳያይ፣ ገንዘብ በጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሳለ መጠበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ቻርልስ ማክግሮው የተባለው ተዋናይ ድንጋይ በመሰለ ፊቱና በሻከረ ድምፁ ይህን ሲያልፍ ስለ ግዴታና ስለ ሕሊና አንድም ረጅም ስብከት አናገኝም። እንቢ ይላል፤ ወደ መተላለፊያው ይወጣል። ሌላ ዲሬክተር ቢሆን በዚህ ቦታ ላይ ቫዮሊን ያስመታ ነበር። ፍላይሸር ግን ለፊልሙ ሙዚቃ አላስደረሰም፤ የምንሰማው የሐዲዱንና የጎማውን ድምፅ፣ የባቡሩንም ፉጨት ነው። ሴትዮዋ በንዴት ጥፍሯን በሞረድ ስትሞርድ ይታይና፣ ያው እንቅስቃሴ ሳይቋረጥ ወዲያው የሚሽከረከር የባቡር ጎማ ሆኖ ይቀጥላል። የእርሷ ንዴትና የባቡሩ ሩጫ አንድ ሆኑ ማለት ነው፤ ይህንም ለማለት አንድ ቃል አልወጣም።

በባቡሩ ውስጥ ደግሞ አንድ በጣም የወፈረ ሰው አለ። መተላለፊያው ጠባብ ስለ ሆነ እርሱ በመጣ ቁጥር ሰው ሁሉ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት። በመጀመሪያ ሲያዩት ያስቃል። ብራውን በችኮላ ላይ ሳለ ሲመጣበት ግን ሳቁ ወደ ጭንቀት ይለወጣል። ይህን ያህል ነገር ለማድረግ ያስፈለገው አንድ ወፍራም ሰውና አንድ ጠባብ መተላለፊያ ነው። የፊልሙ ስም ለዚህ ጭምር ሳይሆን አይቀርም እያልን ብዙ ጊዜ እንስቃለን። ባቡሩን የሚመስለው ክፍልም ቢሆን ወለሉ ላይ የተተከለ ነበር፤ የሚናወጠው ካሜራው ነው። ካሜራውን በእጅ ይዞ እያወዛወዙ ማንሣት ገንዘብ ይቆጥባል፤ ተመልካቹን ደግሞ እንደ ተሳፋሪ ያንገዳግደዋል። መጨረሻውን አንናገርም። ያላየ ሰው ቢኖር ከጽሑፋችን የተነሣ ደስታው እንዳይቀርበት እንፈልጋለን። ይህን ብቻ እንበል፤ ተመልካቹ ስለ ሰዎቹ የገመተው ነገር ሁሉ ከታክሲው ውርርድ አንሥቶ ለፈተና የቀረበ እንደ ነበረ ወደ ኋላ ይረዳዋል።

ይህ ፊልም በ1990 እንደ ገና ተሠርቷል። ጂን ሃክማን የሚባለው ታላቅ ተዋናይ አለበት፤ ገንዘብ አልጎደለበትም፤ ርዝመቱም 97 ደቂቃ ሆነ። የካናዳ ተራራዎችና ደኖች በሰፊው ይታዩበታል፤ ሰዎቹም በሚሮጠው ባቡር ጣራ ላይ ይወጣሉ። የሚያስጠላ ፊልም አይደለም። ነገር ግን ከባቡሩ ወጥቶ ጣራ ላይ መሄድ ከተቻለ መተላለፊያው መጥበቡ ምን ይጎዳል? በተጨመረው 26 ደቂቃ የተገኘው አየር ነው፤ የጠፋውም መታፈኑ ነው።

አሁን ወደ አንድ ጥያቄ እንምጣ። እንዲህ ያለው ፊልም ልብን የሚያንጠለጥለው ስለሚሮጥ ነውን? አይደለም። አልፍሬድ ሂችኮክ በ1962 ለፈረንሳዊው ዲሬክተር ለፍራንሷ ትሩፎ በሰጠው ረጅም ቃለ ምልልስ፣ በኋላም በ1966 መጽሐፍ ሆኖ በታተመው፣ ይህን ነገር በቀላል ምሳሌ አስረድቶታል። ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ተራ ወሬ ያወራሉ እንበል። ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ አለ። ተመልካቹ ሳያውቅ ቦምቡ ቢፈነዳ የ15 ሴኮንድ ድንጋጤ ያገኛል። ተመልካቹ አስቀድሞ ቢያውቅና ግድግዳው ላይ ሰዓት ቢኖር ግን ያው ተራ ወሬ የ15 ደቂቃ ጭንቀት ይሆንለታል። እኛም ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ኩኩሉ ስንጫወት «አልነጋም» እያለ የሚደበቀው ልጅ ይፈራል፤ የሚፈልገውም ይጓጓል። ከሁለቱ ይበልጥ ግን ልቡ የምትመታው በደጃፍ ተቀምጦ ተደባቂውንም ፈላጊውንም የሚያየው ልጅ ነው። እርሱ ሁሉን ያውቃል፤ መናገር ግን አይችልም። የሲኒማ ተመልካች ማለት ያ ልጅ ነው።

ስለዚህ ፍጥነት ማለት ጋጋታ አይደለም። በዘመናችን ይህን የዘነጉ ፊልም ሠሪዎች በርክተዋል። አሜሪካዊው የፊልም ሊቅ ዴቪድ ቦርድዌል እንዳጠናው፣ ከ1930 እስከ 1960 ባሉት ዓመታት በሆሊውድ ፊልሞች አንድ ሥዕል ሳይቆረጥ የሚቆይበት ጊዜ በአማካይ ከ8 እስከ 11 ሴኮንድ ነበር፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ግን ከ3 እስከ 6 ሴኮንድ ወርዷል። ሥዕሉ እንዲህ ሲፈጥን ፊልሙም አብሮ መፍጠንና ማጠር ነበረበት። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ሥዕሉ እየተቆራረጠ፣ ፊልሙ እየረዘመ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጀው የድብድብ ፊልም በዛ። በእንዲህ ያለው ፊልም ማን የት እንደ ቆመ፣ በሩ በየት በኩል እንደ ሆነ አይታወቅም። የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ደግሞ ይደነግጣል እንጂ አይጨነቅም፤ ጥቂት ቆይቶም ይደክመዋል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን ጁልስ ዳሲን በ1955 በፓሪስ የሠራው «ሪፊፊ» ነው። ይህ ፊልም ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ስለ ሆነ አጭር አይባልም፤ ሆኖም ቅባት የለውም። አራት ሌቦች ከአንድ የጌጣጌጥ መደብር በላይ ካለው ቤት ገብተው ወለሉን ይበሳሉ። ግማሽ ሰዓት ለሚሆን ጊዜ አንድ ቃል አይነገርም፤ ሙዚቃም የለም። በበሱት ትንሽ ቀዳዳ ጃንጥላ ያሾልኩና ከታች ይዘረጉታል፤ የሚረግፈው ፍርስራሽ ወለሉን መትቶ እንዳይሰማ በጃንጥላው ውስጥ ይጠራቀማል። የማስጠንቀቂያውን ደወል በእሳት ማጥፊያ አረፋ ያፍኑታል። ሙዚቃ ደራሲው ዦርዥ ኦሪክ ለዚህ ክፍል ሙዚቃ አዘጋጅቶ ነበር፤ ዳሲን ክፍሉን ከሙዚቃው ጋርም ያለ ሙዚቃውም ባሳየው ጊዜ ግን፣ ሙዚቃው ይቅር ያለው ራሱ ኦሪክ ነው። የራሱን ድካም እንዲህ የሚተው ሰው ሲገኝ ሊመሰገን ይገባዋል። በዚያ ግማሽ ሰዓት የሚሮጥ ሰው የለም፤ ሁሉም በዝግታ ይሠራል። ተመልካቹ ግን የጎረቤቱን ሳል እንኳ ይቆጣል። የሌቦች ወገን ሆኖ መገኘቱን የሚያስታውሰው ከሲኒማ ቤቱ ከወጣ በኋላ ነው።

«ሃይ ኑን» የተባለውን የ1952 ፊልም ያየ ሰውም ይህን ያውቃል። ጋሪ ኩፐር የሚጫወተው የከተማ ሹም፣ እኩለ ቀን ላይ በሚደርሰው ባቡር ጠላቱ እንደሚመጣበት ሰምቶ የሚረዳው ሰው ሲፈልግ፣ በየግድግዳው ያለው ሰዓት ይታያል። ፊልሙ 85 ደቂቃ ነው፤ ታሪኩም የሚፈጀው ያንኑ ያህል ነው። አንዱ ወዳጁ ቤቱ ተደብቆ ሚስቱን «የለም በይ» ይላታል። እንዲህ ያለ ወዳጅ ያላጋጠመው አንባቢ ካለ ዕድለኛ ነው።

ሁለተኛው ፊልማችን «ዱኤል» ነው፤ የሁለት ሰዎች ፍልሚያ ማለት ነው። ታሪኩ የተነሣው ከእውነት ነው። ደራሲው ሪቻርድ ማቲሰን ኅዳር 22 ቀን 1963፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደለበት ዕለት፣ ከጓደኛው ጋር በመኪና ሲመለስ አንድ የጭነት መኪና ከኋላው እየተጠጋ አሳደደው። ከብዙ ዓመት በኋላ ይህን አጭር ልብ ወለድ አደረገው፤ በ1971 ታተመ፤ በዚያው ዓመት ለቴሌቪዥን ፊልም ሆነ። ዲሬክተሩ ገና 24 ዓመቱ የነበረው ስቲቨን ስፒልበርግ ነው። የተነሣው በሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ሲሆን፣ ኅዳር 13 ቀን 1971 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲታይ ርዝመቱ 74 ደቂቃ ነበር።

ከዚህ የቀለለ ታሪክ ሊገኝ አይችልም። አንድ ነጋዴ መሳይ ሰው በቀይ አውቶሞቢል በካሊፎርኒያ በረሓ ሲሄድ፣ የሚያዘግም አሮጌ ቦቴ ያልፋል። ባለ ቦቴው በማለፉ ተቆጥቶ ነው መሰለን ሊገድለው ይነሣል። ሌላ የለም። ከጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ከኋላው የተጫነ ከባድ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ የተጠጋበት የአገራችን ሾፌር ይህን ፊልም ለማየት አስተርጓሚ አያሻውም። መኪናው ቀይ የሆነው ከሜዳውና ከድንጋዩ መልክ ተለይቶ እንዲታይ ነው። ቦቴው የተመረጠበት ምክንያት ደግሞ ፊቱ የሰው ፊት ስለሚመስል ነው፤ ዘይትና ጭቃ ተቀብቶ፣ በግንባሩ ላይ የብዙ ክፍላተ ሀገር ታርጋ ተደርድሮበታል። ከዚህ በፊት ስንት ሰው እንዳጠፋ የሚነግረን ያ ታርጋ ብቻ ነው። የሾፌሩን ፊት እስከ መጨረሻው አናይም፤ የምናየው ክንዱንና ቡትስ ጫማውን ነው።

ከዚህም የተነሣ በፊልሙ ውስጥ እጅግ የሚያስጨንቀው ቦታ መኪና የሚሮጥበት አይደለም። ዴኒስ ዊቨር የሚጫወተው ይህ ሰው በመንገድ ዳር ወዳለ ምግብ ቤት ገብቶ ሲረጋጋ በመስኮት ቢመለከት ቦቴው ውጭ ቆሟል። ሾፌሩ ከተመጋቢዎቹ አንዱ ነው ማለት ነው። ያየው ነገር ቡትስ ጫማ ብቻ ነበር፤ ወደ ባንኮኒው ዞር ሲል ግን የተቀመጡት ሁሉ ቡትስ ጫማ ተጫምተዋል። አንዱን ገምቶ ይናገረዋል፤ ይጣላዋልም፤ ሰውዬው ግን እርሱ አልነበረም። አንድ ሰው ጠላቱን ሳያውቅ ሲቀር ሁሉም ሰው ጠላቱ እንደሚመስለው ከዚህ በተሻለ ያሳየ ብዙ አላየንም። የዚህ ክፍል መሣሪያው አንድ ሳንድዊችና ጥቂት ጫማ ነው።

ደግሞ በነዳጅ ማደያ የሚሠራው ሰው ቀደም ብሎ «የራዲያተርህ ቱቦ መለወጥ አለበት» ብሎት ነበር። ሰውዬውም እንደ ብዙዎቻችን ሌላ ጊዜ ይደረጋል ብሎ አለፈው። እኛ ተመልካቾቹ ግን ሰምተናል። በኋላ ዳገት ላይ መኪናው መጋል ሲጀምር ማንም ምንም ሊያስረዳን አያስፈልግም። በአጭር ፊልም ውስጥ ትርፍ ቃል የለም የምንለው ይህን ነው፤ ተራ የሚመስለው ንግግር በኋላ ዋጋውን ይጠይቃል።

የዚህ ፊልም ነገር ለእኛ ክርክር የሚጠቅመው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ከአሜሪካ ውጭ በሲኒማ ቤት ሊታይ በተፈለገ ጊዜ 74 ደቂቃ አነሰ ተባለና ስፒልበርግ ራሱ አዳዲስ ክፍሎች አንሥቶ 90 ደቂቃ አደረሰው። ስለዚህ አንድን ፊልም ከስቶና ወፍሮ ማየት ይቻላል፤ እንዲህ ያለ ዕድል ብዙ ጊዜ አይገኝም። ከተጨመሩት አንዱ ቦቴው መኪናውን ከኋላ እየገፋ ወደሚያልፍ ባቡር የሚያስጠጋበት ነው። ይህ መልካም ጭማሪ ነው፤ ፍልሚያውን ያሳድገዋል። ሌላው የተማሪዎች አውቶቡስ የቆመበት ነው፤ ሰውዬው አውቶቡሱን ገፍቶ ሊያስነሣ ሞክሮ ያቅተዋል፤ ያ ገዳይ ቦቴ ግን መጥቶ በትሕትና ገፍቶ ያስነሣዋል። ይህም እንቆቅልሹን ያበዛዋልና ጥሩ ነው እንላለን። መኪናው ከቤቱ ወጥቶ ከተማውን ሲያቋርጥ የሚታይበት መግቢያም አይጎዳም።

አራተኛው ግን ሰውዬው ለሚስቱ ስልክ የሚደውልበት ነው። ሚስቱ «ትናንት ማታ በግብዣው ላይ ያ ሰው ሲዳፈረኝ ዝም አልህ» ብላ ትወቅሰዋለች። ከዚህ በኋላ ምን ሆነ? ከቦቴው ጋር የሚያደርገው ትግል ሁሉ የፈሪ ባል ወንድነቱን ማስመለሻ ሆነ። በ74 ደቂቃው ፊልም ይህ ሰው ማንኛችንም ልንሆን እንችል ነበር። ጀግና ነው አልተባለም፤ ፈሪም ነው አልተባለም። በመንገድ ሲሄድ መከራ ያገኘው ሰው ነበር። በስልኩ ከተነገረልን በኋላ ግን እርሱ እርሱ ነው፤ እኛም እኛ ነን። ጥቂት ደቂቃ ያህል ማብራሪያ ይህን ያህል ርቀት በመካከላችን ይከታል። «ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም» የሚባለው ለዚህም ሳይሆን አይቀርም።

መጨረሻው ላይ ሰውዬው ቦርሳውን በነዳጅ መስጫው ላይ አስደግፎ መኪናውን ወደ ቦቴው ይሰድደውና ራሱ ይዘላል፤ ቦቴውም ገደል ይገባል። የቴሌቪዥን ድርጅቱ ሰዎች ቦቴው እንዲፈነዳ ፈልገው ነበር፤ ወጣቱ ዲሬክተር ግን እንቢ አለ። ብረቱ እያቃሰተ በዝግታ ይወድቃል፤ ጎማው ብቻውን ይሽከረከራል፤ ሰውዬው በመጀመሪያ እንደ ሕፃን ይዘልላል፤ ቀጥሎ በገደሉ አፋፍ ተቀምጦ ፀሐይ ስትጠልቅ ጠጠር ይወረውራል።

ፊልሙን ለማየት የሚሹ አንባቢዎቻችን ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት 90 ደቂቃውን ነው። ቢሆንም አያስቸግርም። ሰውዬው ወደ ስልኩ ሲሄድ ባዩ ጊዜ ተነሥተው ቡና ቀድተው ይመለሱ፤ ቦቴው ይጠብቃቸዋል።